የመልቀቂያ ደብዳቤው ያልመለሰው ጥያቄ

አወዛጋቢ የነበረ አሰልጣኝ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ደጋፊው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ተገላገልን» ይላል፤ ሌላው «ገፍተው ነው ያስወጡት» ብሎ ይቆጣል። ክርክሩ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ አዲስ አሰልጣኝ ተሹሞ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች እስኪያደርግ ድረስም አይበርድም። ሰውየው ለምን ለቀቀ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን የሚያገኘው ግምት እንጂ መልስ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው፣ ደጋፊውን እርስ በርሱ የሚያናክሰው የአሰልጣኙ ባሕርይ ወይም የአጨዋወት ስልቱ ከመሆኑ ይልቅ የዚህ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት መሆኑን ነው። መልቀቂያ የአንድን ሰው የሥራ ውል ብቻ አይዘጋም፤ ያንን ሰው የቀጠሩትን፣ በጀቱን የወሰኑትንና ተጫዋቾቹን የመረጡትን ሰዎች ጉዳይም አብሮ ይዘጋል።

ባሕር ዳር ይህን ለማየት የምትመች ከተማ ናት፤ ምክንያቱም አብዛኛው የከተማዋ ኳስ ወዳድ ሁለት ቡድን አለው። አንዱ ሜዳውን በአካል አይቶት የማያውቀው የእንግሊዝ ክለብ ነው፤ አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ቼልሲ ወይም ሊቨርፑል። ሌላው «የጣና ሞገዶቹ» እየተባለ የሚጠራው ባሕር ዳር ከተማ ነው። ስለ መጀመሪያው ክለብ የትኛው ተጫዋች በስንት ብር እንደተገዛ፣ የአሰልጣኙ ውል መቼ እንደሚያበቃ፣ ቦርዱ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደማይስማማ በየዕለቱ ይሰማል። ስለ ሁለተኛው ግን፣ የገዛ ከተማው ቡድን ሆኖ ሳለ፣ የሚደርሰው መረጃ እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ልዩነት ክብደት የሚታወቀው የመልቀቂያ ዜና በመጣ ቀን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌ 14ም ሆነ በፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ኳስ ቤቶች በአንዱ በኩል የሚያልፍ ሰው በር ላይ የቆመውን ጥቁር ሰሌዳ ያያል። የሚጋጠሙት ቡድኖች ስም በጠመኔ ተጽፎ ከጎኑ ሰዓቱ ተቀምጧል፤ 9፡30፣ 12፡00፣ 2፡30። ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ማሊያ የለበሱት ወጣቶች ከፊት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። በሌላ ቀን ጨዋታው እስኪጀምር ድረስ የሚወራው ስለ አሰላለፍ ነው። አሰልጣኝ በለቀቀ ሳምንት ግን ወሬው ወደ ቆየ ቂም ይዞራል፤ ማን ምን ብሎ እንደነበር ይቆጠራል። ወጣቱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ‹ይህ ሰው ካልሄደ ዋንጫ አናይም› ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ብያለሁ፤ እንዲሄድ እንጂ እንዲህ ሆኖ እንዲሄድ ግን አላልኩም» ብለው ይመልሳሉ። ከዚህ አጭር ምልልስ ውስጥ ብዙ ነገር ይገኛል። ሰውየው አሰልጣኙን አልወደዱትም፤ ነገር ግን መሄዱ ብቻውን ያሰቡትን እርካታ አልሰጣቸውም። እንዲስተካከል የፈለጉት ነገር ይስተካከል አይስተካከል የሚነግራቸው ስለሌለ፣ የአሰልጣኙ መሄድ በራሱ ምንም አልነገራቸውም።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ከስሜቱ አስቀድሞ የውሉን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። አንድ ተራ ሠራተኛ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። የእግር ኳስ አሰልጣኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የተወሰነ ውል ነው፤ ስለዚህ ውሉ ሳያልቅ መውጣት ለሁለቱም ወገን ዋጋ አለው። ክለቡ ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበተው የቀረውን የውል ዘመን ደመወዝ መሠረት ያደረገ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አሰልጣኙ ያለ በቂ ምክንያት ጥሎ ከሄደ ደግሞ ካሳ ከፋዩ እሱ ሊሆን ይችላል። ፊፋ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የአሰልጣኞች ቅጥር ደንብ፣ ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍል የቆየበት አሰልጣኝ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ክፍያው ካልተፈጸመለት በበቂ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ለደጋፊው የሚነግረው ነገር አለ። «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» ተብሎ የሚወጣ መግለጫ በጀርባው ቢያንስ አራት የተለያዩ ታሪኮችን ሊይዝ ይችላል፤ አሰልጣኙ በእርግጥ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል፣ ደመወዙ ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፣ የተሻለ ቅጥር አግኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ክለቡ ሊያባርረው ወስኖ ለሁለቱም ክብር ሲባል ደብዳቤውን እሱ እንዲጽፍ ተስማምተው ሊሆን ይችላል። በነዚህ አራት ታሪኮች ውስጥ ጥፋተኛው ፈጽሞ የተለያየ ሰው ነው። ሆኖም በአደባባይ የሚወጣው መግለጫ አንድ ዓይነት ነው፦ ምስጋና፣ መልካም ምኞት፣ ፊርማ። ደጋፊው ከአራቱ አንዱን በገዛ ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ቀድሞ ለአሰልጣኙ በነበረው ፍቅር ወይም ጥላቻ ልክ ነው። መከፋፈሉ ከዚህ ይመነጫል።

ይህንን ከሁሉም አጥርቶ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ የመጣው በባሕር ዳር ኳስ ቤቶች ብዙ ተመልካች ከሌለው ሊግ፣ ከስኮትላንድ ነው። የሴልቲክ አሰልጣኝ የነበሩት ብሬንደን ሮጀርስ በጥቅምት 27 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን ለቀቁ። ከአንድ ቀን በፊት ቡድናቸው በሃርትስ 3 ለ 1 ተሸንፎ በሊጉ ከመሪው በስምንት ነጥብ ርቆ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በነሐሴ ወር ከካዛክስታኑ ካይራት አልማቲ ጋር ተጋጥሞ በመለያ ምት ከሻምፒየንስ ሊግ ውጪ ሆኗል። ደጋፊው በክለቡ ቦርድ ላይ በግልጽ ተቃውሞ ማሰማት ከጀመረ ሰንብቷል፤ የዝውውር መስኮቱ ያለ በቂ ግዢ ተዘጋ የሚል ነበር ቅሬታው። አሰልጣኙም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ በዳንዲ ከተሸነፉ በኋላ የሆንዳ ሲቪክ ቁልፍ ተሰጥቶት እንደ ፌራሪ እንዲነዳ የተጠየቀ ሰው አድርገው ራሳቸውን ገልጸው ነበር።

መልቀቂያው በተሰማበት ምሽት ግን ያልተለመደ ነገር ሆነ። የክለቡ ዋና ባለድርሻ ደርሞት ዴዝሞንድ ረጅም መግለጫ አወጡ፤ በዚያም የአሰልጣኙን ንግግርና ተግባር ከፋፋይ፣ አሳሳችና የራስን ጥቅም ያስቀደመ ሲሉ ከሰሱ፤ በክለቡ ዙሪያ ለተፈጠረው መርዛማ ድባብም አስተዋጽኦ አድርገዋል አሉ። በአሰልጣኝ ስንብት ታሪክ ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ለዘብ ያለና ምንም የማይናገር ቋንቋ ነው፤ ይህኛው ግን የክስ ማመልከቻ ይመስል ነበር።

የደጋፊው ምላሽ ከዚህ በኋላ እንዴት እንደተከፋፈለ መመልከት ያስተምራል። ሮጀርስ በሴልቲክ ይህ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር። በመጀመሪያው ዘመናቸው በ2016/17 እና በ2017/18 የውድድር ዓመታት የስኮትላንድን ሦስቱንም ዋንጫዎች በተከታታይ ከወሰዱ በኋላ፣ በየካቲት 2019 የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌስተር ሲቲ ሄደው ነበር። ያን ጊዜ የተቆጡ ደጋፊዎች ዘላለማዊነትን በመናኛነት እንደለወጡና አስመሳይ እንጂ የሴልቲክ ሰው ሆነው እንደማያውቁ የሚገልጽ ባነር ዘርግተውባቸዋል። በ2023 ሲመለሱ ብዙዎች ይቅር አሉ፤ አንዳንዶች ግን አላሉም። ስለዚህ በ2025 መልቀቂያው ሲመጣ ይቅር ያላሉት «ድሮም የሚያውቀው መውጣትን ነው» አሉ፤ ይቅር ያሉት ደግሞ የዴዝሞንድን መግለጫ እንደ ማረጋገጫ ወስደው «ሰውየው እውነቱን ስለተናገረ ተቀጣ» አሉ። በጊዜያዊነት ቡድኑን የያዙት የ73 ዓመቱ ማርቲን ኦኒል በክለቡ እጅግ የሚወደዱ ሰው በመሆናቸው ቁጣው ከሜዳው ላይ ጥቂት ጋብ ቢልም፣ በቦርዱ ላይ ያለው ግን አልበረደም።

ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ዋናው ቁም ነገር በኅዳር ወር የተደረገው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሴልቲክ የአክሲዮን ኩባንያ ነው፤ በ1990ዎቹ ክለቡ ከኪሳራ ሲድን ደጋፊዎች አክሲዮን ገዝተዋል፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ቦርዱ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ጥያቄ የመስማት ግዴታ አለበት። ጉባኤው በጩኸትና በተቃውሞ ተቋርጦ ሳይጠናቀቅ ተዘጋ። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ደጋፊው መልስ የማግኘት ሕጋዊ መድረክ በእጁ ነበረ፣ መድረኩ ግን ጥያቄ ሳይመለስበት ተበተነ። በጩኸቱ የደጋፊውን ድርሻ ብወቅስም፣ ነገሩን እዚያ ያደረሰው ለወራት የቆየ ዝምታና በአንድ ሌሊት የወጣ ክስ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሆኖም መድረኩ መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ባርሴሎና ፕሬዝዳንቱን በአባላቱ ድምፅ ይመርጣል፤ በጀርመን አብዛኞቹ ክለቦች ከሃምሳ በመቶ በላይ የድምፅ መብት በአባላት ማኅበር እጅ እንዲቆይ በሚያስገድድ ደንብ ይተዳደራሉ። በነዚህ አገሮችም አሰልጣኝ ይሄዳል፣ ደጋፊም ይናደዳል፤ ነገር ግን ንዴቱ የሚያርፍበት አድራሻ አለው።

አርሰናልን የሚደግፍ የባሕር ዳር ሰው ይህን ሁሉ ቀድሞ አሳልፎታል። አርሴን ቬንገር ከ1996 ጀምረው 22 ዓመት ከመሩት ክለብ እንደሚለቁ በሚያዝያ 20 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሲያስታውቁ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት የእርስ በርስ ጦርነት ይመስሉ ነበር። በመጋቢት 2017 ከዌስት ብሮም ጋር በተደረገው ጨዋታ አንድ አውሮፕላን «ቬንገር ይውጣ» የሚል ጽሑፍ ሲጎትት ሌላው ደግሞ «አክብሩት» የሚል ጽሑፍ ይዞ በዚያው ሰማይ ላይ በረረ። በኅዳር 2017 በሐራሬ ከተማ በሮበርት ሙጋቤ ላይ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ መካከል ሳይቀር ቬንገር ይውጣ የሚል ወረቀት ታይቷል። ከመልቀቃቸው ማግስት ደግሞ ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ለዓመታት ሲያወድሷቸው የነበሩ ሰዎች እንኳ ጉድለታቸውን ይቆጥሩ ጀመር። ቬንገር ራሳቸው የጊዜው ውሳኔ የእርሳቸው እንዳልነበረ በወቅቱ ጠቁመዋል።

ቀጥሎ የሆነውን እናስታውሳለን። አርሰናል በ2018/19 አምስተኛ፣ በ2019/20 እና በ2020/21 ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ። በርካታ ደጋፊዎች የችግሩ ሥር ከአሰልጣኙ ወንበር ውጪ፣ በተጫዋች ምልመላና በባለቤቶቹ ውሳኔ ውስጥ እንደነበር የተረዱት ከነዚያ ዓመታት በኋላ ነው። ቬንገር መሄድ አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ጊዜያቸው አልፎ ነበር። ነገር ግን መሄዳቸው ብቻውን ሁሉን ያስተካክላል ተብሎ የተጠበቀበት መንገድ ስህተት ነበር። ባስ ቴር ዌል የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የኔዘርላንድስ ከፍተኛ ሊግ መረጃ አጥንተው ያገኙት ውጤትም ከዚህ ጋር ይስማማል፦ አሰልጣኝ ከቀየሩ በኋላ የሚታየው መሻሻል፣ በተመሳሳይ መጥፎ ጊዜ ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ካልቀየሩ ክለቦች መሻሻል አይበልጥም። መጥፎ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን አዲሱ ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቡድን እንምጣ። ባሕር ዳር ከተማ በ2010 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው እየተመራ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ ፋሲል ተካልኝ፣ አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱና አሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው በየተራ ቡድኑን መርተዋል። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፈ፤ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት አሸንፎ በቱኒዚያው «ክለብ አፍሪካን» ተሸንፎ ተሰናበተ። የኔ ዓላማ ከነዚህ አሰልጣኞች ማን በምን ምክንያት እንደሄደ መፍረድ አይደለም፤ ሁሉም ለከተማዋ የሠሩ፣ ክብር የሚገባቸው ባለሙያዎች ናቸው። የማነሣው በአገራችን ክለቦች ዘንድ በጠቅላላው የተለመደውን አሠራር ነው። አሰልጣኝ ሲፈርም ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ሲሄድ በሁለት መስመር ይነገራል። በመካከሉ ተጫዋቾቹን ማን እንደመረጠ፣ ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል እንደነበር፣ ውሉ ሲፈርስ ክለቡ ምን ያህል እንደከፈለ ደጋፊው የሚሰማው ከሹክሹክታ ነው።

ይህ ዝምታ በኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ የሚወዳደሩት አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት የልማት ድርጅቶች በጀት ነው። የለንደን ክለብ ለተሰናባች አሰልጣኝ የከፈለው ካሳ የባለሀብቱ ገንዘብ ነው፤ የከተማ ክለብ የከፈለው ካሳ ግን መንገድ ሊጠገንበት፣ ውኃ ሊዘረጋበት ይችል የነበረ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ነዋሪ፣ ኳስ የማያይ እንኳ ቢሆን፣ አሰልጣኙ ለምን እንደለቀቀና በስንት እንደለቀቀ የመጠየቅ መብቱ ከማንኛውም የአርሰናል ደጋፊ መብት ይበልጣል። በተግባር ግን የአርሰናሉ ደጋፊ የበለጠ ያውቃል።

ሌላም የተዛባ ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል፤ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋና ከሐዋሳ ጋር አስተናጋጅ ነበረች። በዚያው ዓመት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከሱፐር ስፖርት ጋር የአምስት ዓመት፣ 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የቴሌቪዥን ውል ተፈራርሟል። ውሉ ለሊጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የጣና ሞገዶቹ ደጋፊ የራሱን ቡድን አብዛኛውን ዓመት የሚያየው፣ አርሰናልን በሚያይበት በዚያው ኳስ ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ርቀቱን አባሰው። ቡድኑን በሳምንት አንድ ጊዜ በሜዳው የሚያይ ደጋፊ ብዙ ነገር በዓይኑ ይረዳል፤ ተጫዋቾቹ ለአሰልጣኙ እየሮጡለት መሆን አለመሆኑን፣ ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ማን እንደተኮሳተረ፣ ማን ጉዳት እንደያዘው ያያል። በስክሪን የሚያይ ደጋፊ የሚያየው ካሜራው የመረጠለትን ነው። መግለጫ በሌለበትና ዓይን በራቀበት ሁኔታ ወሬ ቦታውን ቢይዝ ሊገርመን አይገባም።

ብሔራዊ ቡድኑም በዚህች ከተማ በኩል አልፏል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ የተመሩት ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፉ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ሥር ማዳጋስካርን እዚሁ 4 ለ 0 ረቱ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ስላገደው የጋናው ጨዋታ በጆሃንስበርግ ተደረገ። አሰልጣኝ ውበቱ አጫጭር ቅብብሎችን መሠረት ባደረገው አጨዋወታቸው ምክንያት የሚወዷቸውም የሚነቅፏቸውም ብዙ ነበሩ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «ሜዳችን» ማላዊ ነበረች። በ2015 ዓ.ም. ጊኒ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስታሸንፋቸው ሁለቱም ጨዋታዎች፣ የእኛው የተባለውም ጭምር፣ በሞሮኮ ተደረጉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሰልጣኙና ፌዴሬሽኑ በስምምነት መለያየታቸው ተነገረ።

ያን ጊዜ የተደረገውን ክርክር የሚያስታውስ ሰው አብዛኛው ስለ ቅብብሉ እንደነበር ያውቃል። አሰልጣኙ ቶሎ ወደ ፊት መጫወት ነበረባቸው የሚሉ ነበሩ፤ ከእርሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ኳስ አላየንም የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ሐሳብ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ብሔራዊ ቡድን «በሜዳው» የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች በሦስት የተለያዩ አገሮች፣ ከአገሩ ሜዳና ደጋፊ ርቆ ሲያደርግ፣ ውጤቱን በአሰልጣኙ የቅብብል ስልት ብቻ መለካት ፍትሐዊ አይደለም። ስታዲየሙ ለምን በጊዜው አልተጠናቀቀም የሚለው ጥያቄ አሰልጣኙን አይመለከትም። አሰልጣኙ ሲሄድ ግን ጥያቄው አብሮት የሄደ ያህል ጸጥ አለ፤ የባሕር ዳር ሰው በተለይ ይህንን ማስተዋል ነበረበት፣ ምክንያቱም የተዘጋው የራሱ ከተማ ስታዲየም ነው።

በዚህ ጉዳይ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገርም አለ። መልስ የሌለው ጥያቄ በኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሞላው በአሰልጣኙ ችሎታ ላይ በሚደረግ ክርክር ሳይሆን በትውልዱ ላይ በሚወረወር ስድብ ነው። አንድ አሰልጣኝ ተጫዋች ሲያሰልፍ «የአገሩን ልጅ ነው የሚያጫውተው» ይባላል፤ ሲለቅ «ከየት መጥቶ ነበር» ይባላል። ይህ ትችት አይደለም፤ ቤተሰቡን፣ ልጆቹን፣ ነገ ሌላ ከተማ ሄዶ የሚሠራበትን ዕድል የሚጎዳ ነገር ነው። ተጫዋቾቹም ይሰሙታል። አሰልጣኝ የመንቀፍ መብት ያለው ደጋፊ፣ ነቀፌታው ቅያሪውን፣ ልምምዱን፣ ምልመላውንና ውጤቱን የሚመለከት እስከሆነ ድረስ ማንም ሊያፍነው አይገባም፤ ዘሩን የሚመለከት ሲሆን ግን አጠገቡ የተቀመጠው ሌላ ደጋፊ ራሱ ሊያስቆመው ይገባል። ክለቦችም ቢሆኑ እውነተኛውን ምክንያት በሚያስረዱበት መጠን ይህ ዓይነቱ ስድብ የሚቆምበት መሬት ይጠበዋል።

ታዲያ ምን መጠየቅ ይቻላል? እያንዳንዱ የመልበሻ ክፍል ጭቅጭቅ ለሕዝብ ይነገር ማለቴ አይደለም፤ ያ የማንንም ክብር አይጠብቅም፣ ዴዝሞንድ ያወጡት ዓይነት መግለጫም ከዝምታው የባሰ ጠባሳ ትቶ አልፏል። የሕዝብ በጀት የሚጠቀም ክለብ ግን አሰልጣኝ ሲለቅ ቢያንስ ውሉ ስንት ጊዜ እንደቀረው፣ ያልተከፈለ ደመወዝ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ለስንብቱ የተከፈለውንም መጠን በአንድ ገጽ ማስታወቅ አይከብደውም። የደጋፊዎች ማኅበሩም ከበሮና ባነር ከማዘጋጀት አልፎ፣ በክለቡ ቦርድ ስብሰባ ላይ በታዛቢነት የሚቀመጥ አንድ ተወካይ እንዲኖረው መጠየቅ ይችላል። ብዙ ደጋፊዎች ይህን የሚያስቡት አሰልጣኝ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ክለቡ ተተኪ ለማግኘት ስለሚጣደፍ፣ ደጋፊውም በስሜት ውስጥ ስለሚሆን ጥያቄው አይሰማም።

ለዚህ ነው ትክክለኛው ጊዜ አዲሱ አሰልጣኝ የሚፈርምበት ቀን ነው የምለው። ያን ዕለት ሥራ አስኪያጁም አሰልጣኙም አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጋዜጠኞች ፊት ይቀርባሉ፤ ሁሉም ፈገግ ብሏል፣ ማንም ማንንም ለመክሰስ ምክንያት የለውም። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ተጫዋች የማስፈረሙ ውሳኔ የማን ነው፣ የአሰልጣኙ ወይስ የክለቡ? የሚጠበቀው ውጤት ምንድን ነው፣ ዋንጫ ነው ወይስ በሊጉ መቆየት? ቡድኑ በሊጉ ካልተሳካለት በመጀመሪያ የሚገመገመው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በፊርማው ዕለት ተጠይቀው መልሳቸው ከተመዘገበ፣ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ መልቀቂያው ሲመጣ ኳስ ቤት ውስጥ ያሉት ጋሼም፣ ከፊት የተቀመጠው ወጣትም ቢያንስ የተጫዋች ግዢው የማን ኃላፊነት እንደነበርና ጥያቄያቸውን ለማን ማቅረብ እንዳለባቸው ያውቃሉ።